ቡቺ ታስሯል፦ የኅዳር ሳምንት በባሕር ዳር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፕላን ግን ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። ክረምቱ ከወጣ ብዙም አልቆየም። ዘንባባዎቹ እንዳማረባቸው ናቸው፣ አየሩም ገና አቧራ አልያዘም።

የመጣሁት ጓደኛዬ ጋ ነው። ጀርመናዊት ናት፣ በበጎ ፈቃደኝነት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ለተማሪዎቿ ማንበቢያ የሚሆኑ አጫጭር ተረቶች ከአማርኛ እንድንተረጉም ሳምንቱን አብሬያት ልቆይ ተስማምተናል። ሥራው ይኸው ነው። ወሬው ግን ገና ከባጃጅ ሳንወርድ ሌላ ሆነ።

«ድንጋይ መወርወር ትችያለሽ?» አለችኝ።

«ማን ላይ?»

«አትወረውሪም። እንደምትወረውሪ ብቻ ትሆኛለሽ።»

ስለ ውሻ ነው የምታወራው። እዚህ ስትመጣ ያስቸገራት በርበሬው አይደለም፣ የመብራት መጥፋትም አይደለም። ውሻ ነው። እሷ አገር ውሻ ማሰሪያው በባለቤቱ እጅ ሆኖ ነው የሚወጣው። ባለቤቱም ለማዘጋጃ ቤት የውሻ ግብር ይከፍላል። ይህን ለአከራይዋ ስትነግራቸው «ምን ነግዶ?» አሏት። የእብድ ውሻ በሽታንም ቢሆን ከጫካ ቀበሮ ሳይቀር አጥፍተውታል። ክትባቱን በምግብ ውስጥ አድርገው ከአውሮፕላን ሲበትኑ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 አገሪቱ ነጻ መሆኗ ታወጀ። እንግዲህ ከዚያ መጥተሽ ማታ 1 ሰዓት ላይ እሷ ሰፈር ሽምብጥ ውስጥ የውሻ መንጋ መንገድ ዘግቶ ሲያጉረመርም አስቢው።

አከራይዋን ሁሉም «እማማ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እማማ አልኳቸው። ግቢያቸው ሰፊ ነው፣ መሀሉ ላይ ማንጎ አለ። ከማንጎው ሥር ቡቺ ተኝቷል። ቡናማ ነው፣ አንድ ጆሮው ታጥፎ ቀርቷል። መጥቶ ቦርሳዬን አሸተተና ጫማዬ ላይ ተጋደመ።

«እሱ ሰው አይነካም፣ አይዞሽ ልጄ» አሉኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት ይመቻታል። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ዳቦ የሚያመላልሰው ሁሉ ይነዳል። ጓደኛዬ በራሷ፣ እኔ በኪራይ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄድን።

አንድ ጋራዥ ፊት ለፊት ስንደርስ ሁለት ውሾች ከመኪና ሥር ወጥተው እየጮኹ ተንደረደሩብን። ጓደኛዬ ምንም አልመሰላትም። ፍሬን ያዘች፣ ወረደች፣ ብስክሌቱን በራሷና በውሾቹ መሀል አድርጋ በእግሯ መራመድ ጀመረች። እኔም እንዲሁ። ውሾቹ ትንሽ አጅበውን ጮኹና ነገሩ ሰለቻቸው። ውሻ የሚሮጥ ነገር ይጠራዋል። ፔዳል ላይ የሚሽከረከር እግር ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ይጠራዋል። እግሩ ሲቆም ጨዋታው አለቀ።

የሰፈሩ ጎረምሶች ግን አይወርዱም። ከኋላችን አንዱ መጣ፣ ሁለቱንም እግሮቹን ወደ ላይ ሰቅሎ እያፏጨ በመሀላቸው አለፈ። ጓደኛዬ ይህን ለመልመድ ሞክራ ቦይ ውስጥ እንደገባች ነገረችኝ።

ምሳ ሐይቁ ዳር አሳ በላን። ረቡዕ ስለሆነ ልኳንዳዎቹ ተዘግተዋል። አሳ ጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር ከጎናችን ባለው ጠረጴዛ ላይ ተጧጡፏል፣ እኔ አልገባበትም። የገረመኝ ውሾቹ ናቸው። አጥንት እየጠበቁ ከየጠረጴዛው ሥር ተኝተዋል። ጭራቸውን ቢረግጡባቸው እንኳ ቀና ብለው አያዩም። እነዚሁ ውሾች ማታ ሰፈራቸው ሲገቡ ሌላ ፍጥረት ናቸው ይላል አስተናጋጁ። እዚህ እንግዳ ናቸው፣ እዚያ ባለቤት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

እማማ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ጊዮርጊስ ለመሳለም ሲወጡ አብሬያቸው ወጣሁ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ በእጃቸው ከራሳቸው የሚረዝም ዱላ አለ። ዱላው ለመደገፊያ እንዳይመስላችሁ። እማማ ደህና አድርገው ነው የሚራመዱት።

ጨለማ ነው። ከየአጥሩ ሥር ጩኸት ይነሳል። እማማ ግን እየሄዱ የእያንዳንዱን ውሻ ታሪክ ይነግሩኛል።

«ይሄ የመምህሩ ነው፣ ጩኸት ብቻ። ያ ነጩ የዘበኛው ነው፣ ከዘበኛው በላይ ይሠራል። ያቺ ደግሞ ቡችሎች አሏት፣ በዚያ በኩል እንለፍ።»

ተሻገርን። ወልዳ የተኛች ውሻ አጠገብ ማለፍ ለማንም አይበጅም። እሷ ደግሞ እንደ ወንዶቹ ብዙ አትጮኽም፣ ዝም ብላ ነው የምትመጣው።

መታጠፊያው ላይ ባለቤት የሌላቸው ይጠብቃሉ። ጓደኛዬ «ኮሚቴው» ትላቸዋለች። ከጨለማው ውስጥ አንድ ላይ ብቅ አሉ። ጠጉራቸው ቆሟል፣ ፊት ያለው ጥርሱን አውጥቷል። እማማ ቆሙ። አልሮጡም፣ ጀርባም አልሰጡም። «ክላ!» አሉ በወፍራም ድምፅ። ወዲያው ጎንበስ ብለው መሬቱን ዳሰስ አደረጉ። በቃ። ኮሚቴው ተበተነ። ፊት የነበረው እንዲያውም ከሁሉ ቀድሞ ሮጠ።

«ድንጋይ አግኝተው ነው?» አልኳቸው።

«የምን ድንጋይ? አስፋልት ላይ ድንጋይ አለ?» ሳቁ። «እሱ ግን ድንጋይ ቀምሷል፣ ያውቀዋል።»

ስንመለስ ነግቷል። ኮሚቴው ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይሞቃል። ማንም ማንንም አያውቅም።

እማማ እንደሚሉት ሰዉ ውሻ የሚያሳድገው ለሌባና ለጅብ ነው። ጅብ ሲመጣ የውሻው ጩኸት ይለወጣል፣ ይቀጥናል፣ ወደ ቤትም እየሸሸ ነው የሚጮኸው። ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታውም ለዚሁ ነው። ማታ የሚፈራው ውሻ እንግዲህ ሥራ ላይ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ?

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው፣ ኅዳር ይታጠናል። ከማለዳ ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ መጥረጊያ ይዞ ወጣ። ቆሻሻው በየደጁ ተከምሮ ተለኮሰ። ጓደኛዬ ጭሱን አይታ ቤት የተቃጠለ መስሏት ሮጣ ወጣች። እኔም የ1911ዱን ወረርሽኝ ነገርኳት፤ ዓለም የእስፓኝ ጉንፋን የሚለውን፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለውን። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ የጅብ ሲሳይ ሆኖ ነበር ይባላል። ከዚያ ወዲህ ነው በየዓመቱ በዚህ ቀን ቆሻሻ የሚቃጠለው።

ለሰፈር ውሻ ግን ቀኑ መርዶ ነው። የቆሻሻ ክምር ጓዳው ነው፣ ጓዳው ነዶ አደረ። ሁሉም ከየቦታው ተነቅሎ በማያውቀው ሰፈር ይንከራተታል። በራችን ላይ የማናውቃቸው ውሾች ይመላለሱ ነበር። ቡቺም ከጠዋት ጀምሮ አልተኛም።

ረፋድ ላይ የጎረቤት ልጅ፣ ማሙሽ የሚሉት የ9 ዓመት ልጅ፣ ካርቶን እየጎተተ ወደ እሳቱ ሲሄድ አንድ የባዕድ ውሻ በራችን ላይ ደረሰ። ቡቺ ዘሎ ወጣ። ልጁ መሀል ላይ ነበር። ሁሉም ነገር ያለቀው እኔ ከበርጩማው ሳልነሳ ነው። ባዕዱ ውሻ ሸሸ፣ ማሙሽ ባቱን ይዞ ያለቅሳል። ሁለት የጥርስ ምልክት፣ ትንሽ ደም።

አገሩ ተሰበሰበ። አንዷ በርበሬ ይነስነስበት አለች። አንዱ ጋዝ ይሻላል አለ። ጸበል ያለም ነበር። ሌላው ደግሞ ገጠር መድኃኒት የሚያውቅ ሰው አለኝ ብሎ ስልኩን አወጣ። በዚህ መሀል ጓደኛዬ «ሳሙና! ሳሙና!» እያለች መጣች። ቧንቧው ደርቋል፣ ፈረቃችን አይደለም። ከጀሪካን እየተቀዳ፣ እኔ እያፈሰስኩ እሷ እያጠበች ተጀመረ። ስልኳን 15 ደቂቃ ሞልታ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ?» አለች የማሙሽ እናት።

ሙሉ። ልጁ መጀመሪያ ጮኸ። ከዚያ አነባ። ከዚያ ሰለቸው። በመጨረሻ አንገቱን አስግጎ ስንት ደቂቃ እንደቀረ እሱ ይነግረን ጀመር።

ነገሩ ወግ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ስብ ነክ ሽፋን አለው፣ ሳሙና ያንን ያሟሟዋል። ከቁስሉ ያመለጠው ደግሞ ነርቭ ይዞ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙ ጊዜ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ክትባት የሚሠራው በዚያ መሀል ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በርበሬውና ጋዙ ቁስሉን ከማቃጠልና ሰዓት ከመብላት ሌላ የሚያደርጉት ነገር የለም። ገጠር ያለው መድኃኒተኛም ቢሆን ልጁን ከክትባቱ የሚያዘገይ ከሆነ ለማንም አይበጅም። ጸበሉን ማንም አይከለክልም፣ ግን ከመርፌው ጋር ይሁን።

«ቡቺ ተከትቧል እማማ?» አልኩ።

ዝም አሉ። ቀጥሎ ገመድ አምጥተው ራሳቸው ማንጎው ላይ አሰሩት። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

በባጃጅ ወጣን። ማሙሽ ከሾፌሩ አጠገብ ፊት መቀመጥ ካልሆነ አልሄድም አለና ተፈቀደለት። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ክትባቱ አልቋል አሉን። ሁለተኛው ጋ አገኘን። ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችው «ታጥቧል?» ብላ ነው። ሰዓቱን ስንነግራት ጓደኛዬን ቀና ብላ አየቻት። መርፌው ክንድ ላይ ነው፣ አራት ጊዜ ይወሰዳል፦ ዛሬ፣ ሰኞ፣ የሚቀጥለው ዓርብ፣ ከዚያ ደግሞ በሳምንቱ ዓርብ። ደም ለወጣበት ንክሻ ቁስሉ ላይ የሚወጋ ሌላ መድኃኒት አለ፣ ክትባቱ ሥራ እስኪጀምር የሚከላከል። እሱ አልተገኘም። ስልክ ተደወለ፣ ፋርማሲ ተዞረ፣ አልተገኘም። «ውሻው የታወቀ መሆኑ ጥሩ ነው» አለች ነርሷ። «እንዳትገድሉት። 10 ቀን አስራችሁ ጠብቁት። ምግብ እምቢ ካለ፣ ለሃጩ ከበዛ፣ ጠባዩ ከተለወጠ በአንድ እግራችሁ ኑ።»

የማሙሽ እናት ክንድ ላይ መሆኑን ስታይ ተነፈሰች። የምታስታውሰው የድሮውን ነው፣ ከእንስሳ አንጎል የሚሠራውንና በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋውን። የዓለም ጤና ድርጅት ያኛው እንዲቀር መምከር ከጀመረ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል፣ ፍርሃቱ ግን ሰፈር ውስጥ አለ። ሰዉ ሐኪም ቤት የማይሄደው አንዱ በዚህ ነው።

ስንመለስ እማማ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ከመቀነታቸው ብር ፈትተው ለልጁ እናት ዘረጉ። አልቀበልም አለች። «ውሻው የኔ ነው» አሉ፣ እጇን ይዘው ጨበጧት።

ማታ ጓደኛዬ ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት እንደተከተበች አወራች። እሷ ብትነከስ ሁለት መርፌ ይበቃታል፣ ያ ያጣነው መድኃኒትም አያስፈልጋትም። እማማ ቡናውን እየቀዱ ሰሙ።

«አንቺ ለምትሄጂው ተከተብሽ። እዚሁ ለሚኖሩት ልጆችስ?»

ጓደኛዬ መልስ አልነበራትም፣ እኔም እንዲሁ። በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ናቸው። ልጅ ከውሻ ጋር ይጫወታል፣ ሲጫርም እንዳይመታ ብሎ ይደብቃል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዘጌ ሄድን፣ ከሳምንቱ በፊት የተቀጠረ ስለነበር። ጀልባው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎችን አልፈን ደረስን፣ በቡናው ጥላ ሥር ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወጣን። ሥዕሉን ማየት ነው እንጂ ማውራት አይቻልም።

አንድ ከሲታ ውሻ ከጀልባው ማቆሚያ ጀምሮ ተከተለን። ጓደኛዬ በየመሀሉ ዞር እያለች ጭራውን ታያለች። የላላ ጭራ፣ የላላ ጆሮ፣ ደህና ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርስ ማንም ሳይነግረው ቀረ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ቅበላ። ነገ የነቢያት ጾም ይገባል፣ ስለዚህ ከተማው በሙሉ ሥጋ ነው። ከየልኳንዳው ደጅ ሰው ተሰልፏል፣ ከሰው ኋላ ውሻ ተሰልፏል። እማማ ለቡቺ አጥንት ገዙለት። ማሙሽ ከአጥር ወዲያ ሆኖ ሲበላ አየውና «በላ! በላ!» ብሎ ለናቱ ሪፖርት አደረገ። ሥራው ከሆነ ሰነበተ፣ በየሰዓቱ ይመጣል።

ሲመሽ በልኳንዳዎቹ ጀርባ አቋርጠን ስንሄድ ሁለት መንጋ በአንድ የበሬ እግር ተያይዞ አገኘን። ሳምንቱን ያየነው ሁሉ ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነበር። አቧራው ውስጥ ጥርስ ብቻ ነው የሚታየው። አንዱ ትልቅ ጥቁር ውሻ ዞሮ አየን። ሥጋውን ልንቀማው የመጣን መስሎታል። ጩኸቱን አቆመ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ መጣ።

እዚህ ላይ ጎንበስ ማለት አይሠራም፣ በጣም ቀርቧል። ጓደኛዬ ክንዴን ያዘችኝ። ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን፣ እጃችንን አውርደን ቆምን። ዓይን ዓይኑን አላየነውም። እኔ የማየው የቀኝ እግሩን ነው፣ ጥፍሩ ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር። እግሩ አንድ እርምጃ መጣ። ቆመ። እኛ በጎን አንድ እርምጃ፣ ቆየት ብለን ሌላ። ከሥጋው በራቅን ቁጥር ጆሮው ላላ። በዚህ መሀል የልኳንዳው ልጅ ባልዲ ውኃ ይዞ ወጣና መሀላቸው ላይ ደፋው። ሁሉም ተበተኑ፣ የበሬውን እግር ግን አንዱ ይዞት ሄዷል።

«አይዟችሁ እህቶቼ» አለን። «ነገ ደግሞ ይብሳቸዋል። እስከ ገና ሥጋ የለም።»

አጠገቡ የነበረው ደንበኛ መርዝ ተበትኖ ቢጨርሷቸው ግልግል ነው አለ። ይህ ሐሳብ በየከተማው አለ፣ ተሞክሯልም። አልስማማም። የሞቱት ውሾች ቦታ ባዶ አይቀርም፣ ቆሻሻው እስካለ ድረስ ሌሎች ይመጣሉ። የሚመጡት ደግሞ ማንም የማያውቃቸው ናቸው። በሽታውን የሚቆርጠው ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብ ነው፣ ያኔ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ሰውየው ሰማኝና «ያን ጥቁሩን ማን ይዞ ይወጋልሻል?» አለኝ። ይሄ ጥያቄ ግን ጥያቄ ነው። ባለቤት ያለውን መጀመሪያ እንከትብ ነው መልሴ፣ እንደ ቡቺ ያለውን። እሱ በገመድ ይመጣል።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሁለተኛው መርፌ። ማሙሽ ባጃጁ ፊት ተቀመጠ፣ አሁንማ ቦታው የሱ ነው። ወረፋው ረዘመ። ጓደኛዬ እንዳይፈራ ታሪክ ታወራለት ጀመር፣ እኔ እያገዝኳት። እ.ኤ.አ. በ1885 ዮሴፍ ማይስተር የሚባል ልጅ፣ እሱም 9 ዓመቱ፣ ከአልዛስ ነበር። እብድ ውሻ ነክሶት እናቱ ፓስተር ወደሚባል ሳይንቲስት ፓሪስ ድረስ ወሰደችው። ክትባቱ በሰው ተሞክሮ አያውቅም ማለት ይቻላል። 13 ጊዜ ተወጋ፣ ዳነ።

«አሥራ ሦስት?» አለ ማሙሽ። ከዚያ ትንሽ አሰበና «በምን ነበር የሚሄደው?» ብሎ ጠየቀ።

ከሰዓት በኋላ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ልሄድ ስነሳ እማማ የግድግዳ ካሌንደራቸውን አሳዩኝ። 19፣ 22 እና 26 በእስክሪብቶ ተከበዋል። ተረቶቹን ሳንጨርስ ነው የምሄደው፣ ቀሪውን በስልክ እንጨርሳለን። ቡቺ ገመዱ የፈቀደለትን ያህል መጥቶ ቦርሳዬን አሸተተ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22፣ አዲስ አበባ

ጓደኛዬ ደወለች። ቡቺ ደህና ነው። ይበላል፣ ይጮኻል፣ ምንም የለውም። ጠዋት እማማ ሐኪም አምጥተው እሱንም አስከትበውታል፣ ከዚያ ተፈታ። ማሙሽ ሦስተኛውን ዓርብ ዕለት ወስዷል። ነርሷ ደግሞ ውሻው ጤነኛ መሆኑ ከተረጋገጠ አራተኛው ይቅር ብላለች።

«ደስ አላለውም?» አልኳት።

ደስ አላለውም። ባጃጁስ እያለ ያለቅሳል።